የናፍጣ መኪና የጭስ ማጣሪያ ሲደፈን፦ ከመፍታትና ከመቁረጥ በፊት የሚሠሩ ሥራዎች

በዳሽቦርዱ ላይ ውስጧ ነጠብጣብ ያለባት የጭስ ማውጫ ምልክት ብርቱካናማ ሆና ስትበራ ለብዙ አሽከርካሪ ሁለት ሐሳብ ብቻ ይመጣለታል። አንዱ ምልክቷን ችላ ብሎ መንዳት ሲሆን ሌላው ወደ በያጅ ሄዶ የማጣሪያውን ሆድ ማስቆረጥ ነው። ሁለቱም ወጪ ያበዛሉ። ሁለተኛው ከዚህም አልፎ ከመኪናው ኋላ የሚሄደውን እግረኛና በመንገድ ዳር ሲሸጡ የሚውሉትን ሴቶች ሳንባ ይጎዳል። የእኔ አቋም ከመጀመሪያው ግልጽ እንዲሆን እፈልጋለሁ፤ የተደፈነ ማጣሪያ አብዛኛውን ጊዜ ራሱ በሽታ አይደለም፣ ሌላ ቦታ ያለ በሽታ የሚታይበት ቦታ ነው። በሽታው ሳይገኝ ማጣሪያውን ያጸዳ ወይም የቀየረ ሰው ከጥቂት ወራት በኋላ ያንኑ መብራት መልሶ ያየዋል።

የምጽፈው በተለይ በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ለሚነዳ ሰው ነው። ለአውሮፓ ገበያ ተሠርተው ወደ አገራችን የገቡ ዘመናዊ ባለ ናፍጣ መኪኖች ይህ ማጣሪያ አላቸው፤ አብሯቸው የመጣው የባለቤት መጽሐፍ ግን የተጻፈው ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ በመገናኛና በሜክሲኮ መጨናነቅ ውስጥ ለሚውል መኪና አይደለም። ነዳጅ የሚጠቀሙ የግል መኪኖች እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከሉ ወዲህ ደግሞ በእጃችን ያለውን መኪና ጠንቅቆ መያዝ ከቀድሞው ይልቅ ግድ ሆኗል።

ማጣሪያው ምን እንደሚሠራ

መካኒኮች ዲፒኤፍ የሚሉት ይህ ማጣሪያ በጭስ ማውጫው መስመር ላይ ከማርሚታው ቀድሞ የሚገኝ የብረት ጣሳ ሲሆን በውስጡ እንደ ማር እንጀራ የተበሳሳ ሴራሚክ አለ። ቀዳዳዎቹ አንዱ ከፊት፣ ጎረቤቱ ከኋላ እየተፈራረቁ የተደፈኑ ስለሆኑ ጭሱ በገባበት ቀዳዳ ቀጥ ብሎ ሊወጣ አይችልም፤ በቀጭኑ ግድግዳ ሰርጎ ወደ ጎረቤት ቀዳዳ መሻገር አለበት። አየሩ ያልፋል፣ ጥላሸቱ ግድግዳው ላይ ይቀራል። ፔዦ እ.ኤ.አ. በ2000 በ607 ሞዴሉ ላይ ገጥሞ ለገበያ ካቀረበው በኋላ፣ በ2009 የጀመረው ዩሮ 5 የተባለው የአውሮፓ የጭስ ልቀት ደረጃ በአዳዲስ የናፍጣ መኪኖች ላይ የተለመደ ዕቃ አደረገው።

የተጠራቀመው ጥላሸት በየጊዜው መቃጠል አለበት። ሞተሩ ጫና ይዞ ረጅም መንገድ ሲሄድ ጭሱ ከ250 እስከ 400 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሚደርስ ጥላሸቱ ቀስ በቀስ በራሱ ይቃጠላል። በከተማ ጉዞ ይህ ሙቀት አይገኝም፤ ስለዚህ የሞተሩ ኮምፒውተር በየጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሩ ተጨማሪ ናፍጣ አዘግይቶ እየረጨ የማጣሪያውን ሙቀት ወደ 600 ዲግሪ ገደማ ከፍ ያደርጋል። ይህ ማቃጠል ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ይፈጃል። ከቤት ወደ ሥራ ሰባት ኪሎ ሜትር ብቻ የሚነዳ ሰው ማቃጠሉ በተጀመረ ቁጥር ሞተሩን ስለሚያጠፋው ሥራው ሁልጊዜ በመሐል ይቋረጣል። ከፍታውም የራሱን ጫና ይጨምራል፤ የአዲስ አበባ አየር ግፊት በባሕር ጠለል ካለው በሩብ ያህል ያነሰ በመሆኑ አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋው ቱርቦ ወይም የአየር መስመሩ ጥቂት እንኳ ከደከመ ናፍጣው በሚገባ ሳይነድ ይቀርና ጥላሸቱ ይበዛል።

ከጥላሸቱ ጋር አመድም እንደሚጠራቀም መዘንጋት አይገባም። ከሰል የሚያነድ ሰው እንደሚያውቀው ከሰሉ ነዶ ያልቃል፣ አመዱ ግን ካልተዛቀ ከምድጃው አይወጣም። በማጣሪያው ውስጥ የሚቀረው አመድ በዋናነት የሚመጣው በሞተር ዘይት ውስጥ ካሉት ካልሲየም፣ ማግኒዥየምና ዚንክ ነው። የትኛውም ማቃጠል፣ የትኛውም ነዳጅ ውስጥ የሚጨመር ፈሳሽ አመድን አያጠፋውም። መኪናው ከ150,000 እስከ 250,000 ኪሎ ሜትር ከሄደ በኋላ የሚመጣ መደፈን በአብዛኛው የአመድ ነው፤ ከዚያ በፊት የሚመጣው ደግሞ በአብዛኛው የጥላሸት ነው። ይህን ልዩነት የያዘ ባለመኪና ገንዘቡን ያለ ቦታው አያወጣም።

መጀመሪያ የበራውን መብራት መለየት

የማጣሪያው መብራት ብቻዋን ከበራች፣ የመኪናው ጉልበት ካልቀነሰና የሞተሩ መብራት አብራ ካልበራች ገና ጊዜ አለ፤ ከዚህ በታች በተገለጸው የመንገድ ማቃጠል ሊስተካከል ይችላል። የሞተሩ መብራት ወይም የማሞቂያው የጥምዝ ሽቦ ምልክት ተጨምሮ ከበራ፣ ወይም መኪናው ነዳጅ መስጫው እየተረገጠ ዙር አልጨምር ካለ፣ ኮምፒውተሩ ማቃጠሉን ራሱ አግዶታል ማለት ነው። በዚህ ጊዜ በረጅም መንገድ መንዳት ጥላሸቱን ከመጨመር በቀር ፋይዳ የለውም፤ ወደ ጋራዥ መሄድ ይገባል። ለጭስ ማጽጃው ፈሳሽ፣ ማለትም ለአድብሉ የሚበራው መብራት ሌላ ነገር መሆኑንም ልብ ይበሉ፤ ሁለቱን በማምታታት ያልተደፈነ ማጣሪያ ሲፈታ አይቻለሁ።

ቀጥሎ ኮምፒውተሩን ማስነበብ

ጋራዥ ሲደርሱ መካኒኩ ኮምፒውተሩ የመዘገበውን የብልሽት ኮድ አጥፍቶ እንዳይሸኝዎት አጥብቀው ይንገሩት፤ ኮዱን በወረቀት ጽፎ እንዲሰጥዎት ይጠይቁ። ፒ2463 የጥላሸት መብዛትን፣ ፒ242ኤፍ የአመድ መጠራቀምን፣ ፒ2452 እና ፒ2453 የግፊት ሴንሰሩን ችግር፣ ፒ2002 ደግሞ ማጣሪያው በሚገባ እያጣራ አለመሆኑን ያመለክታሉ። የመጨረሻው ኮድ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ማጣሪያው ሲሰነጠቅ ወይም ቀደም ሲል ተቆርጦ ሲወጣ ስለሆነ ያገለገለ መኪና የገዛ ሰው በተለይ ሊያስተውለው ይገባል።

ከኮዱ ይልቅ የሚናገሩት ግን በስካነሩ ላይ በቀጥታ የሚታዩት ቁጥሮች ናቸው። አራቱን ያስነብቡ፦ በማጣሪያው ውስጥ ያለው የጥላሸት ክብደት በግራም፣ የአመዱ መጠን፣ ከመጨረሻው የተሳካ ማቃጠል ወዲህ የተነዳው ኪሎ ሜትርና የማጣሪያው የፊትና የኋላ የግፊት ልዩነት። ቁልፉ ተከፍቶ ሞተሩ ሳይነሳ ግፊቱ ዜሮ መሆን አለበት። ይህ ሴንሰር የሚለካው ልዩነትን ስለሆነ የአዲስ አበባ ከፍታ አያሳስተውም፤ ሞተሩ ጠፍቶ 20 ወይም 30 ሚሊባር የሚያሳይ ከሆነ የሚዋሸው ሴንሰሩ ነው እንጂ ማጣሪያው ገና አልተመረመረም። ሞተሩ ሞቆ በሚኒሞ ሲሠራ ጤነኛ ማጣሪያ ጥቂት ሚሊባር ብቻ ያሳያል፤ ዙሩ ወደ 3,000 ከፍ ብሎ ግፊቱ ከ100 ሚሊባር በላይ ከወጣ መደፈኑ እውነት ነው። ትክክለኛው ገደብ በየሞዴሉ ስለሚለያይ የመኪናው የጥገና መጽሐፍ የሚለው ይቀድማል።

የበሽታውን ምንጭ መፈለግ

ከሁሉ የቀለለውና ከሁሉ የሚረሳው ከማጣሪያው ወደ ሴንሰሩ የሚሄዱት ቀጫጭን የጎማ ቱቦዎች ናቸው። ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ በጣት እየጨበጡ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይከተሏቸው። ጤነኛ ጎማ ሲታጠፍ ይለምጣል፤ በሙቀት የደረቀው ግን እንደ ቆሎ ይሰበራል፣ ስንጥቁም ብዙ ጊዜ በቀለበቱ ሥር ተደብቆ በጥፍር ሲዳሰስ እንጂ በዓይን አይታይም። ቱቦው ውስጥ እርጥበትና ጥላሸት ተጋግሮ ከሆነ ከሴንሰሩ ላይ ነቅለው ወደ ማጣሪያው አቅጣጫ አየር ይንፉበት፤ ወደ ሴንሰሩ የተነፋ አየር ሴንሰሩን ያበላሸዋል። ከመንቀልዎ በፊት አንዱን ቱቦ በቀለም ምልክት ያድርጉበት፣ የፊቱና የኋላው ከተቀያየሩ ኮምፒውተሩ የሚያነበው ሁሉ ይገለበጣልና።

ከዚያ በኋላ የሚመረመሩት ጥላሸት የሚያበዙት ክፍሎች ናቸው። ክፍት ሆኖ የቀረ ኢጂአር ቫልቭ (የጭሱን ከፊል ወደ ሞተሩ የሚመልሰው ክፍል)፣ የሚያንጠባጥብ ኢንጀክተር (ናፍጣ የሚረጨው ክፍል)፣ አየር የሚያስወጣ የቱርቦ ቱቦ፣ በአቧራ የታፈነ የአየር ፊልትሮ፣ ዘይት የሚያሳልፍ ቱርቦ፤ እነዚህ እያንዳንዳቸው ማጣሪያውን በወራት ውስጥ ይደፍኑታል። የቱርቦ ቱቦ መሰንጠቅ በሚያፏጭ ድምፅና በመጋጠሚያው ላይ በሚታይ የዘይት ወዝ ይታወቃል።

የሞተሩን ውሃ ሙቀት የሚቆጣጠረውን ቴርሞስታት ለብቻው የማነሣው ራሴን ስለገጠመኝ ነው። መኪናዬን የወሰድኩበት ጋራዥ በሁለት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ የማጣሪያውን ጥላሸት በስካነር አስገድዶ አቃጠለው፤ በየጊዜው መብራቱ ይጠፋና ከሦስት ሳምንት በኋላ ይመለሳል። በመጨረሻ ማጣሪያው ካልወጣ መፍትሔ የለውም ተባልኩ። ያን ቀን ከቃሊቲ እስከ ፒያሳ ስነዳ የሙቀት መለኪያውን መርፌ ብቻ ተመለከትኩ፤ አርባ ደቂቃ ተነድቶ እንኳ መርፌው ከመሐል በታች ቀርቷል። ቴርሞስታቱ ክፍት ሆኖ ስለደረቀ የራዲያተሩ ውሃ ከ70 ዲግሪ አያልፍም ነበር፤ ኮምፒውተሩም ሞተሩ አልሞቀም ብሎ ስለሚያምን አንድም ጊዜ በራሱ ማቃጠል አልጀመረም። ቴርሞስታቱ ተቀየረ፣ ማጣሪያው ሳይነካ ቀረ። ስለዚህ እለምንዎታለሁ፣ ለማጣሪያው አንድ ብር ከማውጣትዎ በፊት መርፌው በተለመደው ቦታው እንደሚደርስ ያረጋግጡ።

በመንገድ ላይ ማቃጠል

ሌላ ብልሽት ከሌለና መብራቷ ብቻዋን ከበራች ሥራው ይህ ነው። ከመነሣትዎ በፊት መኪናውን ደልዳላ ቦታ ላይ አቁመው የዘይት መለኪያውን ዘንግ ይምዘዙ። በተደጋጋሚ የተቋረጠ ማቃጠል ናፍጣ ወደ ዘይቱ እንዲወርድ ስለሚያደርግ ዘይቱ ከላይኛው ምልክት አልፎ ሊገኝ ይችላል፤ ዘንጉ ናፍጣ ናፍጣ ከሸተተ ወይም ዘይቱ ከምልክቱ ካለፈ ጉዞው ይቅር፣ ዘይቱ መጀመሪያ ይቀየር። በዚህ ሁኔታ የተነዳ ሞተር የራሱን ዘይት ስቦ ማንደድ ሊጀምርና ቁልፍ ተዘግቶም አልጠፋ ሊል ይችላል። ነዳጁም ከሩብ ታንክ በላይ መሆን አለበት፤ ከዚያ በታች ከሆነ ብዙ መኪኖች ማቃጠል አይጀምሩም።

ለአዲስ አበባ ነዋሪ ተስማሚው መንገድ እ.ኤ.አ. በ2014 የተከፈተው የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ነው። ከቱሉ ዲምቱ ተነሥተው በተፈቀደው ፍጥነት፣ ዙሩ ከ2,000 እስከ 2,500 እንዲሆን ከተለመደው አንድ ዝቅ ባለ ማርሽ ቢያንስ 20 ደቂቃ ሳያቋርጡ ይንዱ። አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ፤ ወደ አዳማ ሲወርዱ መንገዱ በጠቅላላው ቁልቁል ስለሆነ ሞተሩ ጫና አያገኝም፣ ጭሱም ይቀዘቅዛል። ብዙ ሰው ቢሾፍቱ ድረስ ሄዶ መብራቱ አልጠፋም ብሎ ተስፋ የሚቆርጠው ለዚህ ነው። ሞተሩ በእውነት የሚሠራው በመልሱ ጉዞ፣ ከአዳማ ሽቅብ ሲመለስ ነውና ውጤቱን ከመልሱ በፊት አይመዝኑት።

ማቃጠሉ እየተካሄደ መሆኑ በጥቂት ምልክቶች ይታወቃል፦ በቆመ መኪና የሚኒሞው ዙር ከወትሮው ከፍ ይላል፣ የራዲያተሩ ማራገቢያ ያለ ምክንያት ይዞራል፣ በራሱ የሚያጠፋና የሚያስነሳ ሲስተም ያላቸው መኪኖች ሳያጠፉ ይቆማሉ፣ ከሥር የጋለ ብረት ሽታ ይመጣል። ሰፈር ደርሰው ይህን ካዩ ሞተሩን ከማጥፋት ይልቅ አሥር ደቂቃ ተጨማሪ ይንዱ። መኪናውን በዚህ ጊዜ በደረቅ ሣር፣ በገለባ ወይም በቆሻሻ ክምር ላይ ማቆም እሳት ያስነሳል።

ረጅም መንገድ ሁሉን ይፈታል ብዬ ግን አላታልልዎትም። በአውስትራሊያ የፌዴራል ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2022 ከ2015 እስከ 2020 የተሸጡ ከ260,000 በላይ የቶዮታ ሃይሉክስ፣ ፕራዶና ፎርቹነር መኪኖች የማጣሪያ ሥርዓት ጉድለት እንዳለበት ወስኖ ነበር፤ ችግሩ ይበልጥ የተገለጠውም በፍጥነት በሚደረግ ረጅም ጉዞ ነበር። ኩባንያው በ2018 አሽከርካሪው ራሱ ማቃጠሉን የሚያስጀምርበት ቁልፍ ጨምሯል። የእርስዎ መኪና ይህ ቁልፍ ካለው አጠቃቀሙን ከባለቤት መጽሐፉ ያንብቡ፣ ከጋራዥ ደጅ ብዙ ቀን ያድንዎታል።

በስካነር ማስገደድ

መንገዱ ካልሠራና የጥላሸቱ ክብደት አምራቹ ከወሰነው ገደብ በታች ከሆነ መካኒኩ ቆሞ በሚሠራ ሞተር ማቃጠሉን በስካነር ሊያስጀምር ይችላል። ሥራው ከቤት ውጭ፣ በኮንክሪት ወይም በጠጠር ላይ፣ ከጭስ ማውጫው ጫፍ በሁለት ሜትር ውስጥ አንዳች ነገር በሌለበት ይሠራ፤ እሳት ማጥፊያ በእጅ ይኑር፣ ከመኪናው ሥር ሰው አይግባ፣ ልጆችም አይጠጉ። በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ማድረግ በመርዛማ ጋዝ ይገድላል። ሲያበቃ ዘይቱና የዘይት ፊልትሮው መቀየር አለባቸው።

ጥላሸቱ ከገደቡ ካለፈ ማስገደድ ክልክል ነው። ያ ሁሉ ጥላሸት በአንድ ጊዜ ሲያያዝ ሙቀቱ ከቁጥጥር ውጭ ይወጣና ሴራሚኩ ይሰነጠቃል ወይም ይቀልጣል። ስካነሩ እምቢ ሲል ቁጥሩን በማታለል የሚያልፍ ባለሙያ ካጋጠመዎት መኪናዎን ይዘው ይውጡ።

ፈቶ ማጽዳት

አመድ ከሆነ፣ ወይም ጥላሸቱ ከገደብ ካለፈ፣ የቀረው መንገድ ማጣሪያውን ፈቶ በአየርና በውሃ በሚሠራ የማጽጃ ማሽን ማስጸዳት ነው። ከመታጠቡ በፊትና ከደረቀ በኋላ በሚዛን ይመዘን፤ ክብደቱ ካልቀነሰ የተጠየቀው ገንዘብ ለምን እንደሆነ መጠየቅ መብትዎ ነው። በከፍተኛ ግፊት የመኪና ማጠቢያ መተኮስ፣ በፌሮ መጎርጎር፣ በኮስቲክ ሶዳ ወይም በአሲድ መዘፍዘፍ ሴራሚኩንና በላዩ የተለቀለቀውን ማዕድን ያጠፋል። ጥላሸቱን የሚነካ ሰው ጓንትና የአፍንጫ መሸፈኛ ያድርግ፤ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2012 የናፍጣ ጭስን በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች ምድብ አስገብቶታልና። የታጠበበት ጥቁር ውሃም ወደ ቦይ አይለቀቅ።

ሲመለስ አዲስ ጓርኒሲዮን ይግባለት፣ የላሉ ቡሎኖች ይቀየሩ፣ በኮምፒውተሩ ውስጥ የተመዘገበው የአመድ መጠንም ዜሮ ይደረግ። ይህ የመጨረሻው ካልተደረገ ንጹሕ ማጣሪያ ተገጥሞ ኮምፒውተሩ እንደ ድሮው ተደፍኗል እያለ ይቀጥላል። በሴንሰሩ ቀዳዳ የሚነፋ የአረፋ ማጽጃ ጥላሸትን በመጠኑ ሊያላላ ይችላል፣ ለአመድ ግን አይረዳም።

ቆርጦ ስለማውጣት

ብዙዎች የሚመርጡት ይህን ስለሆነ በግልጽ መናገር አለብኝ። ሆዱ የወጣ ማጣሪያ የሚጠይቀው ቆርጦ መበየድን ብቻ አይደለም፤ ኮምፒውተሩም እንዳይከስ ተቀይሮ መጻፍ አለበት፣ በዚያ ጊዜ የተበላሸ ኢንጀክተር ወይም ቱርቦ የሚያስጠነቅቅዎት ነገር አብሮ ይጠፋል። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2014 ጀምሮ ማጣሪያው የወጣ መኪና ዓመታዊውን ምርመራ አያልፍም። በጀርመን ከሐምሌ 2023 ወዲህ የዩሮ 6 ናፍጣ መኪኖች ጭስ ቅንጣቱ በመሣሪያ እየተቆጠረ በሴንቲሜትር ኩብ ከ250,000 በላይ የተገኘበት ይወድቃል፤ በዚያ ያገለገለ መኪና የምትገዙ ወገኖቻችን ከመክፈላችሁ በፊት ነጭ ጨርቅ በጣታችሁ ጠቅልላችሁ የቀዘቀዘውን የጭስ ማውጫ ጫፍ በውስጡ ጥረጉት። ጤነኛ ማጣሪያ ያለው መኪና ጫፉ ግራጫ አቧራ ቢኖረው ነው፤ ጨርቁ እንደ ድስት ቂጥ ጠቁሮ ከወጣ ማጣሪያው ተሰንጥቋል ወይም የለም።

ዳግም እንዳይደፈን

ዘይቱ አመዱ ዝቅተኛ መሆን አለበት፤ በጣሳው ላይ ኤሲኢኤ ሲ ተብሎ በቁጥር የሚገለጸውን ደረጃ፣ የትኛው ቁጥር እንደሆነም ከባለቤት መጽሐፉ አይተው ይግዙ። በዚህ ማጣሪያ ላይ የተለመደውን የከባድ መኪና ናፍጣ ዘይት መጠቀም ዕድሜውን ያሳጥራል። ናፍጣውን በበርሜል ከሚሸጥ ቦታ ሳይሆን ከማደያ ይቅዱ፣ የአየር ፊልትሮውን በክረምትና በበጋ መለዋወጫ ወቅት ይመልከቱ፣ በሁለት ሳምንት አንድ ጊዜም ረጅም መንገድ ይውጡ።

በመጨረሻም በመኪናው ኪስ ውስጥ ትንሽ ደብተር ያኑሩ፤ ማቃጠል መካሄዱን ባወቁ ቁጥር ቀኑንና ኪሎ ሜትሩን ይመዝግቡ። በ400 ኪሎ ሜትር ልዩነት ይቃጠል የነበረው በ300፣ ከዚያ በ150 መቃጠል ከጀመረ መብራቱ እስኪበራ ሳይጠብቁ ደብተሩን ለመካኒኩ ያሳዩትና ከኢጂአር ቫልቩና ከቱርቦ ቱቦዎቹ እንዲጀምር ይንገሩት።